ባለቅኔው ነጋዴ እና ያልተሸጡት ደብተሮች

ከከዚራ እስከ ታይዋን በስልኩ የሚሸጥ ወጣት ሞልቷል። ጫማ አለ፣ ሽቶ አለ፣ የስልክ ሽፋን አለ። ገጹን ገብቶ የሚያይ አይጠፋም፤ ገንዘብ የሚከፍለው ግን በጣት ይቆጠራል። ይሄ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ትዝ የሚለኝ በግጥሙ እንጂ በንግዱ ብዙም የማይወራለት ፈረንሳዊ ነው፤ አርተር ራምቦ። ከድሬ ሐረር ለሽርሽር የወጣ ሁሉ «ራምቦ ቤት» ፊት ፎቶ ይነሳል። (ቤቱ እንኳ የሱ አልነበረም፤ እሱ ከሞተ በኋላ አንድ ህንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው።) ሰውዬው ሐረር የመጣው ግጥም ሊጽፍ ሳይሆን ሊነግድ ነበር። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ራምቦ በ1854 ሻርልቪል በምትባል የሰሜን ፈረንሳይ ከተማ ተወለደ። በአሥራዎቹ ዕድሜ የጻፋቸው ግጥሞች ስሙን ለዘለዓለም አቆዩት፤ ሃያን ካለፈ በኋላ ግን ብዕሩን ጥሎ አገር ላገር መዞር ያዘ። ስለዚያ ብዙ ተጽፏል፣ እንለፈው። በ1880 ኤደን ደርሶ ባርዴ የተባለ የቡና ነጋዴ ዘንድ ተቀጠረ፤ ወደ ሐረር ሂድ ተባለ። ከዘይላ ወደብ ተነስቶ 20 ቀን ያህል በረሃ አቋርጦ በዓመቱ መጨረሻ ገባ።

ያኔ ድሬዳዋ የሚባል ከተማ የለም። የዘይላ ሲራራ ነጋዴ ግመሉን የሚያሳርፈው ጀልዴሳ ነው፤ ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ያለችው ጀልዴሳ። ሐረር ራሷ በግብፆች እጅ ነበረች። የራምቦ ሥራ ቡና፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ገዝቶ ወደ ኤደን መላክ፣ ከዚያም አቡጀዲና ልዩ ልዩ ሸቀጥ አስመጥቶ መሸጥ ነው። ዐረብኛ ይችላል፤ ሐረሪኛና ኦሮምኛም እያደር ለመደ። ከፈረንሳይ ካሜራ አስመጥቶ በ1883 ሐረር ውስጥ ራሱን ያነሳው ፎቶ ዛሬም አለ። በፎቶ ገንዘብ ይገኛል ብሎ ነበር፤ አልሆነለትም፣ በ1885 ካሜራውን ሸጠው።

ከዚያ ትልቁን ገንዘብ ፈለገ። ላባቱ ከሚባል ነጋዴ ጋር ተዋውሎ 2 ሺህ ያህል ያረጁ ጠመንጃዎች ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ሊያቀርብ ተነሳ። ታጁራ ላይ አንድ ዓመት ገደማ ተጉላላ። ሸሪኩ ላባቱ ሞተ። በ1886 መጨረሻ ብቻውን ጉዞ ጀምሮ በየካቲት 1887 አንኮበር ሲደርስ ምኒልክ የሉም። ለካ በጥር ወር ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረርን ይዘዋል! የተመለሱት ደግሞ ከሐረር በተማረከ መሣሪያ ተጭነው ነው። ዕቃው መንገድ ላይ እያለ የገዢው ፍላጎት ተለወጠ ማለት ነው። ምኒልክ ዋጋውን ዝቅ አደረጉ፤ የላባቱ አበዳሪ ነኝ ባዩም ከቀሪው ላይ ተሻማ። የተረፈውን ደግሞ እንጦጦ ላይ በእጁ አልተቀበለም፤ ሐረር ሄደህ ከደጃዝማች መኮንን ውሰድ ተብሎ ወረቀት ተሰጠው። ዛሬ በቴሌብር በደቂቃ የሚያልቅ ነገር ለእሱ የሳምንታት የበቅሎ መንገድ ነበር።

በ1888 ሐረር ተመልሶ የራሱን ንግድ ቤት ከፈተ፤ ኤደን ካለው ሴዛር ቲያን ከተባለ ነጋዴ ጋር ይሠራል። ሸዋ ያለውን ገበያ ደግሞ የሚያይለት ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነው። አዎ፣ ኋላ ላይ በ1894 የባቡሩን ፈቃድ ከምኒልክ ያገኘውና ለድሬዳዋ መወለድ ምክንያት የሆነው ኢልግ። ሁለቱም እኩያ ናቸው፤ ደብዳቤ ይጻጻፋሉ፤ ይቀላለዳሉም። እኔን የሚገርመኝ ከዕቃዎቹ ዝርዝር ውስጥ የነበረው ነገር ነው። ራምቦ ወደ ሸዋ ደብተር ላከ። ኢልግ በቀልድም በምሬትም መለሰለት፤ መጻፍ ለማይችል ሕዝብ ደብተር እንዴት ብዬ ልሽጥ ነው ነገሩ። መቁጠሪያና የካቶሊክ መስቀልም ላከ፤ ያውም ቤተ መንግሥቱ የካቶሊክ ሚሲዮናውያኑን ከሸዋ ባሸሸበት ሰሞን። ዕቃውን ማሳየት ራሱ አደጋ ነበረው።

ራምቦ ሰነፍ ነጋዴ አልነበረም። ሐረር ላይ፣ ደንበኛው ደጁ ድረስ በሚመጣበት ቦታ፣ ቡናውንና ቆዳውን አሳምሮ ያውቃል፤ ሰው ምን ለብሶ፣ ምን ተሸክሞ እንደሚመጣ በዓይኑ ያያል። የተሰናከለው ያላየው ገበያ ውስጥ ነው፤ ኤደን መጋዘን ውስጥ የተገኘውን ሰብስቦ ለማያውቀው ሰው ሲልክ። አንዳንዱ የስልክ ገጽም እንደዚያ አይደል? አስመጪው የሰጠው ይለጠፋል፣ ዋጋው «በውስጥ መስመር» ይባላል፣ ከሳቢያን የሚያየው ልጅ ዕቃው የት እንዳለና በስንት ቀን እንደሚደርሰው አያውቅም። አይቶ ያልፋል። ኢልግ የነበረው ጥቅም ቦታው ላይ መቆሙ ነው፤ ገዢው ያነሳውንም የተወውንም ያያል፣ ለሐረር ይጽፋል።

ከስሮ ሞተ የሚለው ወሬም ልክ አይደለም። በ1891 መጀመሪያ ላይ ቀኝ ጉልበቱ አበጠ። መራመድ ሲያቅተው አልጋውን በገንዘብ ሣጥኑና በመስኮቱ መካከል አዘረጋ፤ ግቢ ውስጥ ያለውን ሚዛን ተኝቶ ይቆጣጠራል። ሚያዝያ ላይ ሱቁን በጥድፊያ ዘግቶ፣ ራሱ በነደፈው ቃሬዛ 16 ተሸካሚዎች ይዘውት ወደ ዘይላ ወረዱ። ኤደን ላይ ከቲያን ጋር ሒሳብ ሲዘጋ 37 ሺህ ፍራንክ ያህል ደረሰው። ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ። ራስ መኮንን ሰምተው ሐዘናቸውን ጻፉለት። ኅዳር 10 ቀን 1891 በ37 ዓመቱ ሞተ፤ ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው ከ11 ዓመት በኋላ ነው።

ሲሞት ካሰባቸው ሰዎች አንዱ ጃሚ ነበር፤ ሐረር ውስጥ ለዓመታት ያገለገለው ወጣት። ገንዘብ አወረሰው። ገንዘቡ ሐረር ሲደርስ ግን ጃሚም ሞቶ ነበር፤ የተረከቡት ወራሾቹ ናቸው።