የበረሃው ሐዲድና የመንግሥቱ አማካሪ፦ የአልፍሬድ ኢልግ ሕይወት (1854–1916)

መግቢያ

በአዲስ አበባ ከማዘጋጃ ቤቱ ቁልቁል የሚወርደው ቸርችል ጎዳና የሚያበቃው ለገሐር ላይ ነው። የሰፈሩ ስም በፈረንሳይኛ የባቡር ጣቢያ ከሚለው ቃል የተወረሰ ሲሆን፣ ከጎዳናው ግርጌ የቆመው የጣቢያ ሕንጻ በ1929 ተመርቋል። የዚህን ሐዲድ ሐሳብ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ያቀረቡትና የመጀመሪያውን ውል የተቀበሉት ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በዚያን ጊዜ ከሞቱ 13 ዓመታት አልፈዋል። ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባም በሕይወት አልነበሩም።

ይህ አጭር ጽሑፍ የኢልግን ሕይወት ከባቡሩ ታሪክ ጋር አያይዞ ይመረምራል። የሚያነሣውም ጥያቄ አንድ ነው፤ የአገርን ነጻነት ያጠናክራል ተብሎ የታቀደ ሐዲድ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስለምን የነጻነት ሥጋት ተደርጎ ተቆጠረ? ለንጽጽር እንዲረዳ በዚያው ዘመን በቀይ ባሕር ማዶ ለሙስሊም ተጓዦች የተዘረጋው የሒጃዝ ባቡር ይጠቀሳል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ከፍራውንፌልድ እስከ አንኮበር

አልፍሬድ ኢልግ በመጋቢት 1854 በስዊዘርላንድ ቱርጋው አውራጃ በምትገኘው በፍራውንፌልድ ከተማ ተወለዱ። በዙሪክ በሚገኘው የፌዴራል ፖሊቴክኒክ የምህንድስና ትምህርታቸውን አጠናቀቁ። የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ አውሮፓዊ መሐንዲስ እንዲላክላቸው በኤደን በሚሠራ የስዊስ ንግድ ቤት በኩል ጠይቀው ስለነበር፣ ወጣቱ ኢልግ ጥሪውን ተቀብለው በ1878 ከሁለት የእጅ ባለሙያዎች ጋር ጉዞ ጀመሩ። በ1879 አንኮበር ደረሱ።

ከባሕሩ ዳርቻ እስከ ደጋው የነበረው ጉዞ ለኢልግ የመጀመሪያው የምህንድስና ትምህርት ሆናቸው ማለት ይቻላል። በመካከል ያለው ቆላ ውኃ የሚገኝበት ርቀት የጉዞውን ፍጥነት የሚወስንበት፣ ዕቃ ሁሉ በግመል ጀርባ ልክ ተከፋፍሎ የሚጫንበት፣ በየጎሣው ወሰን የመተላለፊያ ክፍያ የሚጠየቅበት ምድር ነበር። ከግመል ጭነት የሚከብድ መሣሪያ ወደ ሸዋ ማስገባት እጅግ አስቸጋሪ ነበር። ንጉሡ የሚመኙት የአውሮፓ ጥበብ ሁሉ በዚህ ጠባብ በር ማለፍ ነበረበት።

በቤተ መንግሥቱ የተሰጣቸው የመጀመሪያ ሥራ ጫማ መስፋት እንደነበረ በተደጋጋሚ ይተረካል። ቀጥሎ የተሰጧቸው ሥራዎች ግን ከሙያቸው ጋር የተቀራረቡ ነበሩ። በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠሩ። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላም በ1890ዎቹ አጋማሽ ከእንጦጦ ሥር የሚመነጨውን ውኃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ አስገቡ። ውኃው ቁልቁል ወርዶ ዳግም ወደ ግቢው ኮረብታ መውጣቱ ለተመልካቹ ታላቅ መደነቅን ፈጥሯል። በፓሪስ የታተሙት የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች ዝግጅት ላይም እጃቸው አለበት።

ኢልግ አማርኛ ተምረዋል። የአገሩን ሕዝብና ኑሮ በፎቶግራፍ መዝግበዋል፤ የሰበሰቧቸው ቅርሳ ቅርሶችና ፎቶግራፎችም በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የሕዝቦች ባህል ሙዚየም ይገኛሉ። ቅኔውን ትቶ በሐረርና በሸዋ ይነግድ ከነበረው ፈረንሳዊ ባለቅኔ ከአርተር ሬምቦ ጋር የተለዋወጧቸው ደብዳቤዎች ኋላ ታትመዋል። ከእርሳቸው ዘንድ ተጠብቀው የቆዩት የአማርኛ ሰነዶችም በፕሮፌሰር ባይሩ ታፍላ አርታዒነት መታተማቸው ለዘመኑ ታሪክ አጥኚዎች ትልቅ ምንጭ ሆኗል።

የ1894 ውል

የምድር ባቡሩ ሐሳብ በቤተ መንግሥቱ ለብዙ ዓመታት የተብሰለሰለ ነው። ምኒልክ በ1889 ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ ጉዳዩ ወደ ተግባር ተቃረበ። በ1893 ኢልግ ጥናቱን እንዲያካሂዱ ተፈቀደላቸው፤ መጋቢት 9 ቀን 1894ም የኮንሴሲዮኑ ውል ተሰጣቸው። ውሉ መስመሩን በሦስት ከፍሎት ነበር፤ የመጀመሪያው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከእንጦጦ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ የሚደርስ ነበር። ዘመኑ 99 ዓመት ሲሆን፣ በተወሰነው አቅጣጫ ሌላ ኩባንያ ተወዳዳሪ መስመር እንዳይሠራ ይከለክላል። ከሐዲዱ ጋር የቴሌግራፍ መስመር እንዲዘረጋም ያዛል።

ውሉ በተሰጠበት ወቅት ኢጣሊያ በውጫሌ ውል ሰበብ የበላይ ጠባቂነት ትጠይቅ ነበር። ኢልግ የዚህን ጥያቄ ሕጋዊነት አጥብቀው ከሚቃወሙት ወገን ነበሩ። ስለዚህ ባቡሩ ከንግድ ጥቅሙ ባሻገር ኢጣሊያ ከያዘችው ከምጽዋ ርቆ ወደ ባሕር የሚያወጣ ሌላ በር ሆኖ ታየ። ሆኖም ያ በር ራሱ የፈረንሳይ ይዞታ መሆኑ የኋላውን ችግር ከመነሻው ይዞ ነበር።

ከዐድዋ ድል በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ጽናት በአውሮፓ ዘንድ ታወቀ። በዚያው በ1896 ኢልግና የሥራ ተባባሪያቸው ፈረንሳዊው ሌዎን ሸፍኔ የኢትዮጵያ የንጉሠ ነገሥት ምድር ባቡር ኩባንያን በፓሪስ አቋቋሙ። በ1897 ዐፄ ምኒልክ ለኢልግ የመንግሥት አማካሪነትን ማዕርግ ሰጧቸው። በዚህም የውጭ ጉዳይ ደብዳቤዎችና ድርድሮች በእጃቸው የሚያልፉ ባለሥልጣን ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ኢልግ ሁለት ኃላፊነት ተሸክመዋል። በአንድ በኩል የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ፣ በሌላ በኩል ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የተዋዋለው ኩባንያ መሥራች ነበሩ። የመንግሥቱና የኩባንያው ጥቅም አንድ እስከሆነ ድረስ ይህ ጥምር ሥልጣን ሥራውን አፋጠነ፤ ጥቅሙ ሲለያይ ግን ኢልግን በሁለቱም ዘንድ ተጠርጣሪ አደረጋቸው።

በረሃውና ገንዘቡ

ሥራው በጥቅምት 1897 በጅቡቲ ተጀመረ። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። ከባሕሩ ጠርዝ ብዙም ሳይርቅ መስመሩ በሸለቆዎች የተቆራረጠ ድንጋያማ ምድር ገጠመው። በቸበሌና በሆልሆል ሸለቆዎች ላይ ረጃጅም የብረት ድልድዮች መሠራት ነበረባቸው። ውኃ እጅግ ጥቂት ነው። መስመሩ የሚያቋርጠው የኢሳ ሶማሌዎች ምድር ሲሆን፣ ከግመል ኪራይና ከሲራራ ነጋዴዎች አጀብ የሚገኘውን ገቢ ባቡሩ እንደሚያስቀርባቸው የተረዱ ጎሣዎች ሥራውን በመሣሪያ ተቃውመዋል። ከጅቡቲ እስከ ደወሌ ያለው 106 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር ለአገልግሎት የተከፈተው በ1900 ነበር።

የሐረር ተራራ ለሐዲዱ አዳጋች በመሆኑ መስመሩ በተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተወሰነ። በታኅሣሥ 1902 ባቡሩ ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በሜዳው ላይ ደረሰ። በዚያም አዲስ ሐረር ተብላ የተሰየመች፣ ኋላ ድሬዳዋ በሚል ስም የጸናች ከተማ ተመሠረተች።

ከበረሃው ይልቅ ኩባንያውን ያደከመው የገንዘብ እጥረት ነው። የፈረንሳይ ባለሀብቶች ያዋጡት ገንዘብ በፍጥነት አለቀ። የብሪታንያ ገንዘብ ከበርቴዎች አክሲዮን መግዛት ሲጀምሩ የፈረንሳይ መንግሥት መስመሩ ከእጁ እንዳይወጣ ፈራ። በየካቲት 1902 ከኩባንያው ጋር በተፈራረመው ስምምነት መሠረት ለ50 ዓመታት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ለመደጎም ተስማማ፤ በምላሹም በኩባንያው ላይ የቁጥጥር ሥልጣን አገኘ። ዐፄ ምኒልክ የሰጡት ፈቃድ ለንግድ ኩባንያ እንጂ ለባዕድ መንግሥት አልነበረም። ሳይጠየቁ የተፈጸመውን ይህን ስምምነት በብርቱ ተቃወሙ፤ ሐዲዱ ከድሬዳዋ ወዲህ እንዳይቀጥልም ከለከሉ። ሥራው ለዓመታት ቆመ።

የሒጃዝ ባቡር ንጽጽር

በእነዚሁ ዓመታት የኦቶማን ሱልጣን ዐብዱልሐሚድ 2ኛ ከደማስቆ ወደ መዲና የሚዘልቅ ሐዲድ ያሠሩ ነበር። በ1900 የተጀመረው ሥራ በ1908 መዲና ደረሰ፤ ርዝመቱም 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ቀድሞ በግመል ወደ 40 ቀን ይፈጅ የነበረውን የሐጅ ጉዞ ወደ ጥቂት ቀናት አሳጠረ። የግመል ኪራይና የአጀብ ገቢያቸው የተነካባቸው የበረሃ ጎሣዎች በዚያም ተቃውመዋል። ዋናው መሐንዲስም እንደ ኢልግ አውሮፓዊ፣ ማይስነር የተባሉ ጀርመናዊ ነበሩ።

ልዩነቱ ያለው በገንዘቡ ላይ ነው። የሒጃዝ ባቡር ወጪ በከፊል በዓለም ዙሪያ ካሉ ሙስሊሞች መዋጮ፣ በከፊል በመንግሥት ግብርና ልዩ ልዩ ክፍያ ተሸፈነ። ጉልበቱን በአብዛኛው ያቀረቡት ወታደሮች ናቸው። ስለዚህ መሐንዲሱ የውጭ ዜጋ ቢሆኑም የሐዲዱ ባለቤትነት አላጠያየቀም። ምኒልክ እንዲህ ያለ የመዋጮ ምንጭ አልነበራቸውም። ከመዲና ይልቅ ለአዲስ አበባ የቀረበው ወደብም በባዕድ እጅ ነበር። ከዚህ ንጽጽር የሚታየው፣ የውጭ ባለሙያ መቅጠር ብቻውን ነጻነትን እንደማያሳጣ፣ ሐዲዱን የሚያስቀጥለው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ግን ወሳኝ እንደሆነ ነው።

የኢልግ ስንብት

ከ1902 በኋላ ኢልግ ከሁሉም አቅጣጫ ተገፉ። የፈረንሳዩ ሚኒስትር ሌዎንስ ላጋርድ አይወዷቸውም ነበር። ባቡሩ በመንግሥታት የጋራ ቁጥጥር ሥር እንዲሆን የሚሹት የብሪታንያው ወኪል ጆን ሃሪንግተን በበኩላቸው ኢልግን የፈረንሳይ ወገን አድርገው ቆጠሯቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ደግሞ ፈቃዳቸው ከታሰበው ውጭ ወደ ሌላ መንግሥት እጅ ሲያልፍ አይተዋል፤ ፈቃዱን የተቀበሉትም ኢልግ ነበሩ።

በታኅሣሥ 1906 ብሪታንያ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ በለንደን በተፈራረሙት የሦስትዮሽ ስምምነት ባቡሩ እስከ አዲስ አበባ ያለው ለፈረንሳይ፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ ያለው ለብሪታንያ እንዲሆን ተከፋፈሉ። በቀጣዩ ዓመት የኢልግና የሸፍኔ ኩባንያ ፈረሰ። ኢልግም በ1907 ሥራቸውን ለቀው ወደ ዙሪክ ተመለሱ። በጥር 1908 አዲሱ ፈቃድ ከጓዴሎፕ ለመጡት የንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም ለዶክተር ቪታሊየን ተሰጠ። በፈረንሳይ መንግሥት የሚደገፍ አዲስ ኩባንያም ሥራውን ቀጠለ።

ኢልግ ጥር 7 ቀን 1916 በዙሪክ ዐረፉ። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚደርሰው መስመር ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ። ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ ይዘልቃል የተባለው ሦስተኛው ክፍል ግን አልተሠራም።

ማጠቃለያ

በኢልግ ላይ የሚሰጠው ፍርድ ብዙ ጊዜ ሁለት ጫፍ ይይዛል፤ የሥልጣኔ አስገቢ ወይም የባዕድ ጥቅም በር ከፋች። ከላይ የታየው የሕይወት ታሪክ ለሁለቱም አይመችም። በ1894 የተጻፈው ውል የንጉሠ ነገሥቱን መብት ለማስጠበቅ የታሰበ ነበር። ጉድለቱ ኩባንያው ገንዘብ ሲያጣ ማን ሊረከበው እንደሚችል አለመገደቡ ነው። ኢልግ የምህንድስናውን ችግር ያውቁት ነበር፤ በረሃውን በግመል ተሻግረውታልና። የገንዘብ ገበያውን ጠባይ ግን በዚያ መጠን አልገመቱትም።

ኢትዮጵያ በባቡሩ ላይ የእኩል ድርሻ ያገኘችውና ዋና መሥሪያ ቤቱም ወደ አዲስ አበባ የተዛወረው ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው የ1959 ስምምነት ነው። ኢልግ ውሉን ከተቀበሉ 65 ዓመታት በኋላ ማለት ነው። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የሚነሣው ከከተማው ዳር ሲሆን፣ የቀድሞው ጣቢያ በቸርችል ጎዳና ግርጌ እንደቆመ ነው። አዲሱ መስመርም በውጭ ብድር የተሠራ በመሆኑ፣ ኢልግና ምኒልክን ያለያየው የገንዘብና የባለቤትነት ጥያቄ ለዛሬም ተመራማሪ የሚተርፍ ነው።