ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ፤ ባለ ክራሯ ተዋናይት

ሐረር ላይ ከጀጎል በሮች አንዱ ሸዋ በር ነው፤ ነባሩ የከተማው ሕዝብ አስማዲን በሪ ይለዋል። የሙዚቃ ካሴት በሚሸጥበት ዘመን፣ ከበሩ ውጭ ካለው ገበያ ከአንዲት ጠባብ ሱቅ ክራርና የአንዲት ሴት ድምፅ ሲወጣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ቆሞ አዳምጧል። ዜማው ልብ የሚያባባ ሆኖ ሳለ በመካከሉ ሽሙጥ ነበረበትና፣ ለገበያ የመጡ እናቶች ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ሳቁ። ድምፁ የወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ነበር።

ወይዘሮ አስናቀች በ1920ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ ተወልደው ስድስት ኪሎ አካባቢ አደጉ። እናታቸውን በልጅነታቸው በሞት አጡ። ክራርን የተማሩት ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከሰፈር ነው። በዚያን ጊዜ ክራር ይዛ በሰው ፊት የምትዘፍን ሴት አዝማሪ ተብላ ትሰደብ ነበር፤ ቃሉም ሙያን ሳይሆን ነውርን የሚገልጽ ያህል ይነገር ነበር።

ቴአትሩ ደግሞ የወንዶች ሥራ ነበር። ቀሚስ ለብሰውና ሻሽ አስረው የሴቶችን ገጸ ባሕርያት የሚጫወቱት ወንዶች ሲሆኑ፣ በኋላ በልጆች ዘንድ እጅግ የተወደዱት አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ከእነዚህ አንዱ ነበሩ። በ1945 ዓ.ም. ገደማ «የፍቅር ጮራ» በተሰኘው ተውኔት አስናቀች የሴትን ክፍል በሴትነታቸው ይዘው ወጡ። ዛሬ ነገሩ ቀላል ይመስለናል። ነገር ግን በዘመኑ መድረክ ላይ የወጣች ሴት የምታስይዘው ስሟን፣ የትዳር ተስፋዋንና የዘመዶቿን ፊት ነበር። በጭብጨባው ማግስት ወደ ሰፈሯ የምትመለሰው ብቻዋን ነበር።

በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ብሔራዊ ቴአትር በተባለው በዚሁ ቤት ወይዘሮ አስናቀች በተዋናይነትና በድምፃዊነት ለረጅም ዘመን አገለገሉ። የክራር አጨዋወታቸው፣ በእኔ ግምት፣ ድምፅን በማጀብ የሚወሰን አልነበረም፤ ክሩ ለቃሉ መልስ ይሰጥ፣ አንዳንዴም ይከራከረው ነበር።

የሶቪየት ኅብረቷን ባለሪና ጋሊና ኡላኖቫን እዚህ ላይ ማንሳት ይገባል። እናቷም አባቷም የማሪንስኪ ቴአትር ዳንሰኞች ነበሩ፤ በመንግሥት የባሌ ትምህርት ቤት በአግሪፒና ቫጋኖቫ እጅ ሠልጥና በ1928 እ.ኤ.አ. ተመረቀች። በ1956 እ.ኤ.አ. የቦልሾይ ቡድን ለንደን ሲሄድ፣ በ46 ዓመቷ የወጣቷን የጁልየትን ክፍል ስትደንስ ተመልካቹን አስደነቀች። ከመድረክ ከወረደችም በኋላ እነ ማክሲሞቫን አሠለጠነች፤ ጁልየትን የሆነችበት ፊልምም አለ። የእኛዋ አርቲስት ይህን የመሰለ መሰላል አልነበራቸውም። መሰላሉን እየሠሩ ነው የወጡት። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ሚዛን የሚመዝን ሰው ቢኖር ፍርዱ የተሳሳተ ይሆናል።

የክራር ዘፈኖቻቸው በሸክላ ታትመዋል፤ በ2003 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ በሚወጣው «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ አልበም 16ኛ ቁጥር ሆነው ለዓለም ቀረቡ። ወይዘሮ አስናቀች በመስከረም 2004 ዓ.ም. አረፉ። ድምፃቸው በሸክላው አለ። የመድረክ አካሄዳቸው፣ አንገታቸውን የሚያዞሩበት ሁኔታ፣ ዝም ሲሉ አዳራሹን የሚይዙበት ኃይል ግን ያለው በአብዛኛው አብረዋቸው በሠሩ ባልደረቦች ትውስታ ውስጥ ነው፤ እነርሱም ዛሬ አርጅተዋል፤ ቁጥራቸውም በየዓመቱ እየቀነሰ ነው።