ገብረ ክርስቶስ ደስታ፦ «ሀገሬ»ን ጽፎ በሰው ሀገር ያረፈው ሰዓሊ

«ሀገሬ» የሚለውን ግጥም ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው። ገጣሚው ሰዓሊና የሥዕል መምህር እንደነበረ ግን ብዙዎቻችን አናውቅም። ዛሬ ገብረ ክርስቶስ ደስታን እናስታውሳለን።

ገብረ ክርስቶስ እ.ኤ.አ. በ1932 ሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ነጎ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ፤ የብራና መጻሕፍትንም በሥዕል ያስጌጡ ነበር። ልጁ ቀለምና ብሩሽ ያየው እዚያው ቤቱ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል።

አዲስ አበባ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የጀመረው የእርሻ ትምህርት ነበር። ልቡ ግን ሥዕል ላይ ነበርና ትምህርቱን አቋርጦ ወጣ። በኋላ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ጀርመን ሄደ፤ ከ1957 እስከ 1961 ኮሎኝ ከተማ ሥዕል ተማረ።

ተመልሶ አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ። ያኔ ታዲያ ጭቅጭቁ ተነሳ። ሰው የለመደው ቅዱሳንን፣ ነገሥታትንና የጦር ሜዳን የሚያሳይ ሥዕል ነው። እሱ ደግሞ ረቂቅ ሥዕል ይዞ መጣ። ይሄ የፈረንጅ ነው፣ የኛ አይደለም ያሉት ብዙ ነበሩ።

እሱ ግን ጥበብ ድንበር የለውም ብሎ ያምን ነበርና በያዘው መንገድ ቀጠለ። በ1963 የሣለውን «ጎልጎታ» ተመልከቱ። አሣሣሉ አዲስ ነው፤ ጉዳዩ ግን ስቅለት ነው፣ የአባቱ ቤት ታሪክ። ታዲያ ይሄ እንዴት የኛ አይደለም ይባላል? በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት በሥነ ጥበብ ሸለመው። ካስተማራቸው መካከል ዛሬ ስማቸው የገነነው ሰዓሊ ዘሪሁን የትምጌታ ይገኙበታል።

በደርግ ዘመን ከሀገር ወጣ። በኬንያ በኩል ጀርመን፣ ከዚያም አሜሪካ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1981፣ ገና 50 ዓመት እንኳን ሳይሞላው፣ ኦክላሆማ ውስጥ ላውተን በምትባል ከተማ አረፈ። የሀገር ናፍቆትን እንደሱ የገለጸ ሰው ሀገሩን ዳግም ሳያይ ቀረ።

ሥዕሎቹ ግን ተመለሱ። ጀርመን ቀርተው የነበሩ ሥራዎቹ ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ በ2008 ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስሙ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ተከፈተ። በአንድ ወቅት የኛ አይደለም የተባለው ሥዕል ዛሬ የሀገር ቅርስ ሆኖ ተሰቅሏል።

አዲስ አበባ ያላችሁ ወዳጆቻችን፣ ግጥሙን በስልካችሁ ሰምታችሁ ካበቃችሁ አንድ ቀን ደግሞ ጎራ ብላችሁ ሥዕሉን በዓይናችሁ እዩት።

እናንተስ ገብረ ክርስቶስን መጀመሪያ ያወቃችሁት በግጥሙ ነው ወይስ በሥዕሉ?