ዴሲቤል ስሙን ያገኘበት መምህር



እዚህ ሐርጌሳ የስደተኛ ልጆች ከማስተምርበት ክፍል አጠገብ ጄኔሬተር አለ። መብራት ሲጠፋ ይነሳል። ያኔ እኔም እጮሃለሁ፣ ልጆቹም ይጮሃሉ። ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ ግን ዝም ትላለች። ስጠይቃት ሌላ ነገር ስለምትመልስ፣ ትኩረት የላትም ብዬ ብዙ ጊዜ ተቆጥቻታለሁ።

ባለፈው ወር ስልኬ ላይ የድምፅ መለኪያ ጭኜ ክፍሉን ለካሁት። 75 ዴሲቤል አካባቢ አሳየኝ። ዴሲቤል የሚለው ስም ከየት መጣ ብዬ ሳነብ እንደኔ አገሩን ለቆ የወጣ አንድ መምህር አገኘሁ። ስሙ አሌክሳንደር ግርሃም ቤል ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቤል በ1847 በስኮትላንድ፣ ኤድንብራ ከተማ ተወለደ። አባቱ የንግግር መምህር ነበር። እናቱ ጆሮዋ እየደከመ ሄዶ መስማት ተቸግራ ነበር። ልጁ በጣት ፊደል ያወራታል፤ አንዳንዴም አፉን ወደ ግንባሯ አስጠግቶ ዝቅ ባለ ድምፅ ይናገራታል፣ ንዝረቱ እንዲሰማት።

ከዚያ ሐዘን በቤቱ ገባ። ሁለት ወንድሞቹ በሳንባ ነቀርሳ ተከታትለው ሞቱ። ወላጆቹ የቀረውን አንድ ልጅ ለማትረፍ በ1870 ቤተሰቡን ይዘው ወደ ካናዳ ተሻገሩ። ቤል 23 ዓመቱ ነበር። በዓመቱ አሜሪካ፣ ቦስተን ሄዶ መስማት የተሳናቸውን ልጆች ማስተማር ጀመረ። ከተማሪዎቹ አንዷ ሜቤል ሃባርድ ነበረች፤ በ5 ዓመቷ ታማ የመስማት ችሎታዋን ያጣች። በ1877 ተጋቡ።

ቀን እያስተማረ ሌሊት በሽቦና በባትሪ ይሞክር ነበር። በመጋቢት 1876 የስልክ ፈጠራ መብቱን አገኘ፤ በዚያው ሳምንት ድምፁ በሽቦ አልፎ በሌላ ክፍል ላለው ረዳቱ ደረሰ። ብዙም ሳይቆይ ስልክ ወደኛም አገር መጣ። በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ነበር። ብዙዎቻችን ወደዚህ ስንመጣ ያለፍንበት አቅጣጫ ነው።

ቤል በነሐሴ 1922 ካናዳ ውስጥ አረፈ። በተቀበረበት ሰዓት በአሜሪካና በካናዳ ስልኮች ለአንድ ደቂቃ ፀጥ አሉ። ዴሲቤል የሚለውን ስም ግን በሕይወቱ አልሰማውም። በ1920ዎቹ መጨረሻ የስልክ መሐንዲሶች ናቸው ያወጡት። ድምፅ በሽቦ ሲጓዝ ምን ያህል እንደሚደክም የሚቆጥሩበት መለኪያ ፈልገው፣ በስሙ ቤል አሉት። የቤል አንድ አሥረኛው ዴሲቤል ነው።

ይህ መለኪያ እንደ ኪሎ አይደለም። ዜሮ ማለት ጤነኛ ጆሮ መስማት የሚጀምርበት ድምፅ ነው። ተራ ወሬ 60 አካባቢ ነው። 70 ሲሆን ትንሽ የጨመረ ይመስላል፤ የድምፁ ኃይል ግን 10 እጥፍ ሆኗል። 80 ሲሆን 100 እጥፍ። የሥራ ጤና ባለሙያዎች በ85 ዴሲቤል ውስጥ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ መቆየት ጆሮን ይጎዳል ይላሉ። በ88 ደግሞ ጊዜው ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። የኛ ክፍል እዚያ ባይደርስም፣ ከወሬ በላይ ስለሆነ የመምህሩን ድምፅ ይውጠዋል።

ቤል ጥፋትም ነበረው። ከእናቱ ጋር በጣት ያወራ የነበረው ሰው፣ በኋላ የምልክት ቋንቋ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ልጆቹ በአፍ ብቻ እንዲናገሩ ከሚገፉት ዋነኞቹ አንዱ ሆነ። መስማት የተሳናቸው ሰዎች እርስ በርስ መጋባታቸውንም ይቃወም ነበር። ብዙዎቹ እስከዛሬ አዝነውበታል። ስለነሱ ብዙ ሠራ፤ የነሱን ሐሳብ ግን አልሰማም።

ይህን ሳነብ ያቺ ልጅ ትዝ አለችኝ። እኔም ክፍሉን ለካሁ እንጂ እሷን አልጠየቅኳትም። በእረፍት ሰዓት ጠርቼ፣ ከፊቷ ቁጭ ብዬ ቀስ ብዬ ጠየቅኳት። ልጅ ሳለች ታማ አንድ ጆሮዋ እንደማይሰማ ነገረችኝ። እንዳይስቁባት ፈርታ ደብቃው ነው። ይቅርታ ጠየቅኳት።

አሁን ከፊት፣ ከጄኔሬተሩ ራቅ ብላ፣ ደህናው ጆሮዋ ወደኔ ሆኖ ትቀመጣለች። እኔም ፊቴን ወደ ሰሌዳ አዙሬ መናገር ትቻለሁ፤ ከንፈሬን ታያለች። እናቷም ሐኪም ጋ ልትወስዳት ቀጠሮ ይዛለች።

እናንተም ልጃችሁ ሲጠሩት ዝም ካለ፣ ቴሌቪዥን ድምፅ ካበዛ፣ ወይም ደጋግሞ ምን ካለ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁት።