ቶማስ ላምቢ

ዶክተር ቶማስ አሌክሳንደር ላምቢ (እ.ኤ.አ. 1885–1954) በምዕራብ ወለጋ ዘመናዊ ሕክምናን ካስጀመሩት ሰዎች አንዱ የነበሩ አሜሪካዊ ሐኪምና ሚሲዮናዊ ናቸው። በኋላ የኢትዮጵያን ዜግነት ወስደው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ዋና ጸሐፊ ሆነዋል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የመጀመሪያ ዓመታት

ላምቢ በፔንስልቬንያ ግዛት በፒትስበርግ ከተማ ተወለዱ። ሕክምና ተምረው በ1907 በአሜሪካ የፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ተልከው ወደ ሱዳን ሄዱ። ከኢትዮጵያ ድንበር ብዙም በማትርቀው በናሲርም ሠርተዋል።

በወለጋ

የኅዳር በሽታ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ የአካባቢው ገዥ ደጃዝማች ብሩ ሐኪም እንዲመጣ ጠየቁ። ላምቢም በ1919 ከነቤተሰባቸው ሳዮ ገቡ። ሳዮ የዛሬዋ ደምቢ ዶሎ ናት።

መድኃኒትና መሣሪያ ከካርቱም እስከ ጋምቤላ በእንፋሎት መርከብ ይመጣ ነበር፤ መርከቡ የሚደርሰው ግን የባሮ ወንዝ በክረምት ሲሞላ ብቻ ነው። ከጋምቤላ ወዲያ ዕቃው በበቅሎና በሸክም ዳገቱን ይወጣል። በበጋ ያለቀ መድኃኒት በቀላሉ አይተካም ነበር።

በዚያ ዘመን ለቀዶ ሕክምና በዋናነት የሚያገለግሉት ማደንዘዣዎች ኤተርና ክሎሮፎርም ነበሩ። በሽተኛው አፍና አፍንጫ ላይ በተደረገ ጨርቅ ላይ እየተንጠባጠቡ ይሰጣሉ። መጠኑ ካነሰ በሽተኛው ይነቃል፤ ከበዛ ትንፋሹ ይቆማል። ስለዚህ ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናውን ሲያደርግ ትንፋሽንና የልብ ምትን የሚከታተል ሌላ የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል። እንደ ሳዮ ባለ ሩቅ ቦታ ለሚሠራ ሐኪም ይህን ሰው ማግኘት ከመድኃኒቱ ያላነሰ ችግር ነበር።

በአዲስ አበባና በደቡብ

ላምቢ የኢሉባቦር ገዥ በነበሩት በራስ ናደው ጆሮ የገባ ነፍሳት ካወጡ በኋላ ዝናቸው አዲስ አበባ ደረሰ። በአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ድጋፍ ጉለሌ ላይ የጆርጅ መታሰቢያ ሆስፒታልን አቋቋሙ። ሆስፒታሉ የተሰየመው ገንዘቡን በሰጡ አሜሪካዊ ባለሀብት ስም ነው። ከ1927 ጀምሮ ደግሞ በሱዳን ኢንቴሪየር ሚሲዮን (ኤስ.አይ.ኤም.) ሥር በወላይታና በሌሎች የደቡብ አካባቢዎች አገልግለዋል። በአዲስ አበባ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመው የልዕልት ዘነበወርቅ ሆስፒታልም የሥራቸው ውጤት ነው፤ በቦታው ዛሬ አለርት ሆስፒታል ይገኛል። ለሆስፒታሉ መሬት ለመያዝ ሲሉ የአሜሪካ ዜግነታቸውን ትተው ኢትዮጵያዊ ሆኑ።

የጣልያን ወረራ

በ1935 ጦርነቱ ሲጀመር ላምቢ በቀይ መስቀል ስም የሕክምና ቡድኖችን ወደ ግንባር የመላክ ሥራ መሩ። አዲስ አበባ በ1936 ከተያዘች በኋላ ግን ለጣልያኖች ገቡ፤ ቀደም ሲል በጣልያን ጦር ላይ የተናገሩትንም አስተባበሉ። ይህን ያደረጉት ሚሲዮኑንና ሆስፒታሎቹን ለማትረፍ ነው የሚሉ አሉ፤ ሌሎች እንደ ክህደት ያዩታል። ሚሲዮኑ ግን በመጨረሻ ከአገር መባረሩ አልቀረም። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ከተመለሱ በኋላም ላምቢ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው እንዲሠሩ አልተፈቀደላቸውም።

የመጨረሻ ዓመታትና ትዝታ

የመጨረሻ ዓመታቸውን በፍልስጥኤም የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን በመርዳት አሳልፈው በ1954 በኢየሩሳሌም አረፉ። ስማቸው በአንድ በኩል ባቋቋሟቸው ሆስፒታሎች፣ በሌላ በኩል በ1936ቱ ውሳኔያቸው ይነሳል። በሳዮ የገጠማቸው የሰው ኃይል ችግር ግን ከእሳቸው ጋር አላበቃም። ዛሬ በአብዛኞቹ የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ማደንዘዣ የሚሰጡትና በሽተኛውን የሚከታተሉት፣ ሐኪም ባይሆኑም በዚሁ ሙያ የሠለጠኑ ባለሙያዎች ናቸው።