ዶክተር ኢግናዝ ዜመልቫይስና የአራስ ትኩሳት

ኢግናዝ ዜመልቫይስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1818 ዓ.ም. በሀንጋሪ አገር በቡዳ ከተማ ከነጋዴ ቤተ ሰብ ተወለደ። (ከዚህ በታች ያሉትም ዘመናትና ወራት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሕግ ለመማር ቪየና ሄዶ ሳለ አሳቡን ወደ ሕክምና መለሰና በ1844 ዓ.ም. ዶክተር ሆነ።

በ1846 ዓ.ም. በቪየና ጠቅላላ ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍል ረዳት ሐኪም ሆኖ ተሾመ። ማዋለጃው ሁለት ክፍል ነበረው፤ በአንደኛው የሕክምና ተማሪዎች፥ በሁለተኛው አዋላጆች ይሠለጥኑበት ነበር። በዚያ ዓመት በአንደኛው ክፍል ከመቶ ወላዶች 11 ያህሉ በአራስ ትኩሳት ሲሞቱ በሁለተኛው 3 እንኳ አይሞሉም ነበር። ሴቶቹም ይህን ያውቁ ስለ ነበር ወደ አንደኛው እንዳይገቡ እያለቀሱ ይለምኑ ነበር።

ዜመልቫይስ ሁለቱን ክፍሎች አንድ በአንድ ያስተያይ ጀመር። መጣበብ ነው እንዳይል ይበልጥ የሚጣበበው ሁለተኛው ክፍል ነው፤ አየሩ ነው እንዳይል ሁለቱም ጐረቤታሞች ናቸው። ለሟች ጸሎት የሚመጣው ቄስ ደወል አስደንግጧቸው ይሆናል ብሎ ደወሉን አስቀረ፤ ሞቱ ግን አልቀነሰም። በ1847 ዓ.ም. በማርች ወዳጁ ፕሮፌሰር ኮሌችካ ሬሳ ሲመረመር የአንድ ተማሪ ቢላዋ ጣቱን ወጋውና ታሞ ሞተ። በሬሳው ላይ የታየው ምልክት የአራሶቹን ይመስል ነበር። ለካስ ተማሪዎቹ ሬሳ ሲመረምሩ በቆዩበት እጅ ወላዶቹን ይነኩ ኖሯል! አዋላጆቹ ግን ሬሳ አይመረምሩም። ዜመልቫይስ ራሱ በየማለዳው ሬሳ ይመረምር ስለ ነበር ነገሩ እርሱንም የሚከስ ሆነ፤ ቢሆንም አልሸሸገውም።

ከሜይ ጀምሮ ሁሉም በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አዘዘ። በኤፕሪል ከመቶ 18 የነበረው ሞት በጁላይ ወደ 1 ገደማ ወረደ።

በኦክቶበር ግን ተከታትለው ከተኙ 12 ሴቶች 11ዱ ሞቱ። እርሱም ተስፋ ሳይቆርጥ መረመረ። በመጀመሪያው አልጋ የተኛችው ሴት መግል የሚያፈስ የማኅፀን ነቀርሳ ነበረባት፤ ሐኪሞቹም እርሷን ከነኩ በኋላ በሳሙና ብቻ ታጥበው ወደ ቀጣዮቹ አልፈዋል። እንግዲህ መርዙ ከሬሳ ብቻ ሳይሆን ከሕያውም ይመጣ ነበርና፥ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሲያልፉም በክሎሪን እንዲታጠቡ አደረገ። ድል ካገኘ በኋላ ምርመራውን አለማቆሙ ለእኔ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው።

ባልንጀሮቹ ግን ገዳዮች ተባልን ብለው ብዙዎቹ ተቃወሙት፤ በ1849 ዓ.ም. ሥራው አልታደሰለትም። ወደ አገሩ ወደ ፔሽት ተመለሰ። መጽሐፉን ያሳተመው ገና በ1861 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ መዘግየቱ የራሱንም ነገር ሳይጐዳ አልቀረም። በ1865 ዓ.ም. አእምሮው ታወከ ተብሎ በቪየና በአእምሮ ሕሙማን ቤት ተዘጋበት፤ በሁለት ሳምንት ውስጥም ቁስሉ ተመርዞ በ47 ዓመቱ ሞተ። ፓስተር የአራስ ትኩሳትን ባክቴሪያ ለሐኪሞች ያሳየው ከዚያ 14 ዓመት በኋላ፥ በ1879 ዓ.ም. ነው።