ስለ አርሶ አደሩ መሬት የተገደለው የሮም እንደራሴ

የጥንቷ ሮም ስትነሣ ብዙዎች የሚያስታውሱት ቄሣሮቿን ነው። ኀያልነቷን በትከሻው የተሸከመው ግን አርሶ አደሩ ነበር። የዘመቻ ጥሪ ሲመጣ ሞፈርና ቀንበሩን ሰቅሎ ጋሻና ጦሩን ያነሣል፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ እርሻው ይመለሳል። የዚህን አርሶ አደር መሬት ለማስመለስ ተነሥቶ፣ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው የተገደለው ሰው ጢባርዮስ ግራኩስ ይባላል። በወንጌል ከተጠቀሰው ጢባርዮስ ቄሣር ጋር ስም እንጂ ዘመን አይጋሩም።

ያኔ ሮም ንጉሥ አልነበራትም። በየዓመቱ በሚመረጡ ሹማምንትና ሴኔት በሚባለው የታላላቆች ሸንጎ ትተዳደር ነበር። የጢባርዮስ አባት ከፍተኛውን የኮንሱልነት ሥልጣን ሁለት ጊዜ ይዟል። እናቱ ኮርኔሊያ የካርቴጁን ጦር መሪ ሐኒባልን ድል የነሣው የስኪፒዮ ልጅ ናት። ከወለደቻቸው 12 ልጆች ለአካለ መጠን የደረሱት ሦስት ብቻ ነበሩ። ባሏ ሲሞት የግብጽን ንጉሥ የጋብቻ ጥያቄ ሳትቀበል ቀርታ ልጆቿን በግሪክ መምህራን አስተማረች።

ጢባርዮስ በወጣትነቱ በካርቴጅ ዘመቻ ተካፈለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ137 ደግሞ የጦሩ ገንዘብ ያዥ ሆኖ ወደ ስፔን ተላከ። በመንገዱ ሲያልፍ ያየው የገጠር ገጽታ ልቡን እንደነካው ወንድሙ ጋይዮስ ጽፏል። ማሳውን የሚያርሱትና ከብቱን የሚጠብቁት ነጻ ገበሬዎች ሳይሆኑ ከባዕድ ሀገር የመጡ ባሮች ነበሩ።

ምክንያቱ ግልጽ ነበር። አርሶ አደሩ በሩቅ ጦርነት ለዓመታት ሲቆይ ማሳው ጦም ያድራል፣ ቤተሰቡም በዕዳ ይያዛል። ባለጸጎች ደግሞ የመንግሥትን መሬት እየጠቀለሉ በጦርነት በተማረኩ ባሮች ያሳርሱት ነበር። መሬቱን ያጣው ገበሬ ወደ ሮም ከተማ ይሰደዳል፤ በተጨናነቀ የኪራይ ቤት እየኖረ የቀን ሥራ ይፈልጋል። ንብረት የሌለው ሰው ለጦር ስለማይመለመል ጉዳዩ የሠራዊቱም ህልውና ነበር።

ጢባርዮስ በ133 የሕዝብ እንደራሴ ሆኖ ሲመረጥ የመሬት ሕግ አቀረበ። ማንም ሰው ከመንግሥት መሬት ከ500 ዩጌራ በላይ እንዳይዝ፣ ትርፉም ለድሆች እንዲከፋፈል የሚያዝዝ ነበር። አንድ ዩጌሩም ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ነው፤ የእኛ ገበሬ ጥማድ ከሚለው ጋር ይቀራረባል። 500ው ወደ 125 ሄክታር ይሆናል። መሬት የሚሰጠው ሰው ያርሰዋል እንጂ ሊሸጠው አይችልም።

ባለመሬቶቹ ተቃወሙ። ሌላው እንደራሴ ማርቆስ ኦክታቪዮስም በሥልጣኑ ሕጉን አገደው። ጢባርዮስ ከዚያ በፊት ያልተለመደ ነገር አደረገ፤ ባልደረባው እንዲሻር ሕዝቡን ድምፅ አሰጠ። ከ35ቱ የመራጭ ጎሣዎች 17ቱ ድምፅ እንደሰጡ ቆም ብሎ ኦክታቪዮስን ለመነው፤ እሱ ግን እምቢ አለ። 18ኛው ጎሣ ሲጨመር ተሻረ፣ ሕጉም ጸደቀ። ጢባርዮስ፣ ወንድሙና አማቱ መሬቱን እንዲያከፋፍሉ ተሾሙ።

በዚያው ዓመት የጴርጋሞን ንጉሥ ሲሞት ግዛቱን ለሮም ተናዘዘ። ጢባርዮስ ሀብቱ ለአዲሶቹ ገበሬዎች መቋቋሚያ እንዲውል ጠየቀ። ለሁለተኛ ዓመትም ለመመረጥ ቀረበ። ተቃዋሚዎቹ ይህን ሁሉ ለንግሥና እንደመመኘት ቆጠሩት። በምርጫው ዕለት የካህናት አለቃው ስኪፒዮ ናሲካ የመራቸው የሴኔት አባላት ዱላና የተሰበረ ወንበር እግር ይዘው ገቡ። ጢባርዮስና ከ300 የሚበልጡ ደጋፊዎቹ ተገደሉ። አስከሬናቸው በሌሊት ቲበር ወንዝ ተጣለ፤ ወንድሙ ልቅበረው ቢልም አልተፈቀደለትም።

ጋይዮስም በ123 እንደራሴ ሆኖ ለከተማው ሕዝብ እህል በርካሽ እንዲሸጥ አስወሰነ። እሱም በ121 በተነሣ ግጭት ሞተ። ከዚያ ወዲያ በሮም የፖለቲካ ክርክር በሸንጎ ሳይሆን በጉልበት መፈታቱ እየተለመደ መጣ። የእርስ በርስ ጦርነቶች ተከተሉ፣ በ27 አውግስጦስ ብቸኛ ገዥ ሲሆንም የምርጫው ሥርዓት ስሙ ብቻ ቀረ።

ሕጉ ግን ከጢባርዮስ ጋር ወዲያው አልሞተም። የአከፋፋዮቹ ሸንጎ ለዓመታት መሬት ሲለካና ሲያካልል ቆይቷል። ስማቸው የተቀረጸባቸው የድንበር ድንጋዮች በጣሊያን ገጠር ተገኝተዋል።